የነዳጅ ጉድጓድ ከመቆፈሩ አስቀድሞ የመጠጡ ጉድጓድ ስለ መመርመሩ

ለአገር ገዢዎች፣ ለወረዳ ሹማምንት፣ መሬትም በእጃቸው ለሚገኝ ሁሉ።

አገር የሚያስተዳድር ሰው ዐይኑ ዘወትር የሚያርፈው ከመሬት በላይ በሚታየው ነገር ላይ ነው። የአዝመራውን ማማር፣ የከብቱን መርባት፣ የወንዙን መሙላትና መጉደል ይመለከታል፤ ጉድለት ባየ ጊዜም ስላየው ጉድለት ትእዛዝ ይሰጣል። ዳሩ ግን ከእግራችን በታች ሌላ ሀብት አለ፤ ይኸውም በአሸዋና በድንጋይ መካከል ተሰውሮ የሚኖረው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ዝናብ በቀረ ጊዜ ሰውንም ከብትንም የሚያቆየው ይህ የተሰወረ ውኃ ነው። የማይታይ ስለ ሆነ ግን ሲበላሽም አይታይም፤ መበላሸቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከተጠጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ ውኃ ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ለማውጣት የሚደረገው ቁፋሮ ነው። ቁፋሮው በሌሎች አገሮች ብዙ ሀብት አስገኝቶአል፤ በብዙ ስፍራም ውኃ አበላሽቶአል። በአገራችንም በሶማሌ ክልል በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ ከታወቀ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል። በ2018 ድፍድፍ ነዳጅ ለሙከራ መውጣት መጀመሩ ተገልጾ ነበር፤ በ2025 በኦክቶበር ወር መጀመሪያም የካሉብ የጋዝ ሥራ የመጀመሪያው ክፍል ተመርቆአል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ያስተውል።

እኛ ይህን ሥራ የምንቃወም አይደለንም። የተፈጥሮ ጋዝ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ የሚሠራበት ነገር ስለ ሆነ ሥራው በደንብ ቢካሄድ ገበሬው ራሱ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። የምንለው አንድ ነገር ነው። መሰርሰሪያው ወደ አንድ ወረዳ ከመግባቱ አስቀድሞ በዚያ ወረዳ ያለው የመጠጥ ውኃ ሁሉ ይመርመር፤ የምርመራውም ቃል ተጽፎ በሹሙና በአገር ሽማግሌዎች እጅ ይቀመጥ። ይህ ሳይደረግ የተጀመረ ቁፋሮ፣ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ዳኛ የማይፈርድበትን ክርክር ለልጆቻችን ያወርሳል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድመን ውኃው በምን መንገድ እንደሚበላሽ እናስረዳለን። የውኃ ጉድጓድ ውኃው ዘንድ ሲደርስ ይቆማል፤ የነዳጅ ጉድጓድ ግን የመጠጡን ውኃ በስቶ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ ከሺሕ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። የላዩ ውኃ ከታቹ ዘይት፣ ጋዝና ጨው ጋር እንዳይገናኝ በጉድጓዱ ውስጥ የብረት ቧንቧ ይገባል፤ በቧንቧውና በድንጋዩ መካከል ያለውም ባዶ ስፍራ በሲሚንቶ ይሞላል። ሲሚንቶው በደንብ ያልያዘ እንደ ሆነ ወይም በዘመን ብዛት የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፣ ጋዙ በቧንቧው ውጭ በኩል እየተሳበ ወደ መጠጡ ውኃ ይወጣል። ይህ አንደኛው መንገድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ለወረዳ ሹም ዐይን የሚቀርበውም ይህ ነው። በቁፋሮው ስፍራ የዘይት ታንኮች፣ የጭቃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች፣ ቧንቧዎችና የጭነት መኪናዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ባፈሰሰ ጊዜ ፈሳሹ በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ ይወርዳል። ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ከርሰ ምድሩ ውኃ ዘንድ ሲደርስ በላዩ ይንሳፈፋል። ነገር ግን በዘይቱ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዳንዶቹ በውኃው ሟሙተው ከውኃው ጋር ይሄዳሉ። ከነዚህ ክፉው ቤንዚን የሚባለው ነው፤ ይኸውም ለመኪና የምንቀዳው ነዳጅ ራሱ ሳይሆን፣ በነዳጅ ውስጥ የሚገኝ፣ ቀለም የሌለው፣ የደም ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። እንግዲህ ውኃው ጥሩ ሆኖ ቢታይ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ጨው ነው። ከጥልቁ የሚወጣው ዘይትና ጋዝ ብቻ አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ በድንጋይ ውስጥ ተዘግቶ የኖረ ውኃም አብሮ ይወጣል። ይህ ውኃ ብዙ ጊዜ ከባሕር ውኃ እጅግ የበለጠ ጨዋማ ነው። የፈሰሰውን ዘይት በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቃን ሕያዋን በብዙ ዘመን ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ ጨውን ግን የሚበላው የለም። ዝናብ አጥቦ እስኪወስደው ድረስ በስፍራው ይቀመጣል፤ ዝናብ በሚያንስበት አገር ደግሞ መቀመጫው ረጅም ነው። ጨው የጠጣ መሬት እንኳን አዝመራ ሣርም አያበቅልም።

አሁን ወደ ምሳሌው እንለፍ። በናይጄሪያ፣ የኒጀር ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አገር፣ ኦጎኒ የሚባል ሕዝብ ይኖራል፤ ኑሮውም እርሻና ዓሣ ማጥመድ ነው። ነዳጅ ማውጣት በዚያ የተጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1993 ከሕዝቡ ተቃውሞ የተነሣ ሥራው ቆመ፤ ቧንቧዎቹ ግን በአገሩ ውስጥ ማለፋቸው አልቀረም። ከብዙ ዘመን አቤቱታ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አገሩን መርምሮ የምርመራውን ቃል በኦገስት 2011 አወጣ። መርማሪዎቹ ከ200 የሚበልጡ ስፍራዎችን አይተዋል፤ ከ5,000 የሚበልጡ የሕሙማን መዝገቦችን አገላብጠዋል፤ ከርሰ ምድሩንም ውኃ ለመመርመር ጉድጓዶች አስቆፍረዋል።

ያገኙት ነገር የሚያስደነግጥ ነበር። ቢያንስ በ10 መንደሮች የሚጠጣው ውኃ በነዳጅ ተበክሎአል። ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በምትባለው መንደር፣ የተጣራ ነዳጅ የሚያስተላልፍ ቧንቧ በአጠገቧ በሚያልፍባት ስፍራ፣ ሕዝቡ በሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ ውስጥ የቤንዚኑ መጠን የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው ከ900 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው አጠገብ በከርሰ ምድሩ ውኃ ላይ 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ነዳጅ ተንሳፍፎ ነበር። አንባቢው ይህን ልብ ይበል፤ ውኃው እስከዚህ ድረስ ተበላሽቶ ሳለ መንደሩ ይጠጣው ነበር። ሌላ ውኃ የሌለው ሰው ሽታውን እየሸተተም ይጠጣልና።

ከዚያ ምርመራ ለሹማምንት የሚጠቅሙ ሁለት ትምህርቶች እናገኛለን። አንደኛው ስለ አፈር ነው። በመሬት ላይ የፈሰሰ ነዳጅ በሸክላ አፈር ተከልክሎ ወደ ውኃው አይደርስም ብሎ መታመን የተለመደ ነው። መርማሪዎቹ ግን አገሩን ሁሉ የሚከልል ያልተቋረጠ የሸክላ ንጣፍ እንደሌለ አረጋገጡ፤ በ49 ስፍራም ነዳጁን 5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ወርዶ አገኙት። ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጽዳት ነው። ጽዳታቸው ተፈጽሞአል ተብሎ በኩባንያው መዝገብ ከተጻፉት መካከል 15 ስፍራዎችን ደግመው ቢመረምሩ 10ሩ አሁንም ከተወሰነው መጠን በላይ የተበከሉ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የአጥፊውን የራሱን መዝገብ ብቻ ይዞ ነገሩ አልቆአል ማለት አይገባም። አገሩን ፈጽሞ ለማዳን ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊወስድ እንደሚችል፣ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ብቻም 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ተነገረ፤ የጽዳቱም ሥራ መጀመር የታወጀው በ2016 ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የተባለው ተረት ለነዳጅ ይልቁን ይሠራል።

ይህ የደረሰው ሥርዓት ባልጸና አገር ስለ ሆነ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ሕግና መሣሪያ ወደ ሞላበት ወደ አሜሪካ እንውሰደው። በሰሜን ዳኮታ አውራጃ በዊሊስተን ከተማ አጠገብ፣ ከነዳጅ ጉድጓዶች የወጣውን ጨዋማ ውኃ የሚወስድ አንድ የተቀበረ ቧንቧ በኦገስት 2014 ተቀደደ። መቀደዱ ታውቆ የቆመው በጃንዋሪ 2015 ነው፤ በመካከሉ 143 ቀን አልፎአል። የፈሰሰው ከ29 ሚሊዮን ጋሎን የሚበልጥ፣ ይኸውም 110 ሚሊዮን ሊትር ያህል ሲሆን፣ መሬቱንና የከርሰ ምድሩን ውኃ፣ ወደ ሚዙሪ ወንዝ የሚገቡትንም ጅረቶች አበላሸ። ኩባንያው በ2021 ጥፋቱን አምኖ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በዚህ ነገር ዋናው ትምህርት የሒሳብ ትምህርት ነው። ወደ ቧንቧው የገባው ውኃና ከቧንቧው የወጣው ውኃ በየቀኑ ተለክቶ ቢተያይ ኖሮ ጉድለቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ይታወቅ ነበር። ጎተራ የሚጠብቅ ሰው እንኳ የገባውንና የወጣውን እህል ሳያስተያይ አያድርም። እንግዲህ ሹም የሆነ ሰው የቁፋሮን ጥበብ ባያውቅም እንኳ የገባና የወጣ መዝገብ አምጡ ብሎ ለመጠየቅ የሚያግደው ነገር የለም።

በዚያው በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ አውራጃ ደግሞ ስለ ማስረጃ የሚያስተምር ነገር ሆኖአል። ዲሞክ በምትባል የገጠር ቀበሌ በ2009 የመጀመሪያ ቀን የአንድ ቤት የውኃ ጉድጓድ በተጠራቀመ ጋዝ ፈነዳ። ሕዝቡ ጋዙ የመጣው በአጠገባችን ከተቆፈረው ጉድጓድ ነው አለ፤ ቁፋሮውን ያካሄደው ኩባንያ ደግሞ ጋዙ ከጥንትም በአገሩ ውኃ ውስጥ የነበረ ነው አለ። በዚያ አገር ከቁፋሮ በፊትም ጋዝ ያለባቸው ጉድጓዶች መኖራቸው እውነት ስለ ሆነ ክርክሩ ረዘመ። ነገሩ በፍርድ ቤት የተቋጨው በ2022 ነው፤ ያን ጊዜ ኩባንያው ክሱን አልከራከርም ብሎ ለሕዝቡ የቧንቧ ውኃ ማስገቢያ 16.29 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከፍንዳታው እስከ ስምምነቱ 13 ዓመት አልፎአል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ውኃ መጠጣቱን አልተወም።

የፔንሲልቬንያ ሕግ አውጪዎች ግን አንድ የሚጠቅም ሥርዓት አቁመዋል። በ2012 በወጣው ሕግ፣ በድንጋይ ውስጥ የተያዘውን ጋዝ ለማውጣት ከተቆፈረ ጉድጓድ 2,500 ጫማ፣ ማለት 760 ሜትር ያህል፣ በማይርቅ ስፍራ ያለ የመጠጥ ውኃ፣ ሥራው በተፈጸመ በ12 ወር ውስጥ ቢበከል፣ አጥፊው ቆፋሪው እንደ ሆነ ይገመታል። ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ከባለ ውኃው ላይ ወርዶ በቆፋሪው ላይ ይሆናል። ቆፋሪው ከዚህ የሚድነው ውኃው ከቁፋሮው በፊትም የተበከለ መሆኑን ካሳየ፣ ወይም ባለ መሬቱ ውኃው እንዳይመረመር ከልክሎ እንደ ሆነ፣ ወይም ሌላ ምክንያት መኖሩን ካስረዳ ነው። ስለዚህ ቆፋሪው ራሱ ለራሱ ጥቅም ውኃውን አስቀድሞ ለማስመርመር ይቸኩላል። መሬት በእጃችሁ ያለ ሰዎችም ይህን ልብ በሉ፤ ምርመራውን የሚከለክል ሰው የራሱን ምስክር አፍ ይዘጋል።

የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ድንጋይን በውኃ ኃይል እየሰነጠቁ ጋዝ ስለ ማውጣት ብዙ ዓመት መርምሮ በ2016 ቃሉን ሲያወጣ፣ ሥራው በአንዳንድ ሁኔታ የመጠጥ ውኃን ሊጎዳ እንደሚችል አረጋገጠ። ነገር ግን ጉዳቱ በአገሩ ሁሉ ምን ያህል ጊዜ እንደ ደረሰ ቈጥሮ ለመናገር አልቻለም። ከምክንያቶቹም አንዱ ውኃው ከቁፋሮ በፊትና በኋላ የተመረመረበት መዝገብ በብዙ ስፍራ አለመኖሩ ነው። እንግዲህ ያን ያህል ሀብትና ሊቃውንት ያለው መንግሥት እንኳ አስቀድሞ ያልተጻፈውን በኋላ ሊያነብ አልቻለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ ነገር ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለሶማሌ ክልል የተገባ መሆኑን እናያለን። በዚያ ዝናብ ጥቂት ነው፤ ሰውና ግመል የሚኖሩት በጉድጓድና በቢርካ ውኃ ነው፤ በበጋም በደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ተቆፍሮ ውኃ ይቀዳል። በዚህ ዓይነት ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ላይ የፈሰሰ ነገር ለመድረስ ሩቅ መንገድ የለውም። ከዚህም በቀር በዚያ አገር በብዙ ስፍራ የጉድጓዱ ውኃ በተፈጥሮው ጨዋማ ነው። ነገ ከቁፋሮ ስፍራ ጨዋማ ውኃ ፈስሶ ጉድጓድ ቢበላሽ ቆፋሪው ውኃችሁ ከጥንትም ጨዋማ ነበር ሊል ይችላል፤ ባለ ግመሉም አባቴ የጠጣው ጣፋጭ ውኃ ነበር ይላል። ሁለቱም እውነት እየመሰላቸው ሊናገሩ ይችላሉ። ከሁለቱ እውነተኛውን የሚለይ ከቁፋሮው በፊት የተጻፈ ቍጥር ብቻ ነው። ይኸው ቍጥር ያላጠፋውንም ኩባንያ ከሐሰት ክስ ያድነዋል።

በ2002 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ዋጋ እንዲከፍል ደንግጎአል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ የሚፈርደው ማስረጃ ሲቀርብለት ነው። ማስረጃውን አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ደግሞ በአዲስ አበባ ያለው ዳኛ ሳይሆን በስፍራው ያለው ሹም ነው።

ሁለት ተቃውሞ ሊቀርብ እንደሚችል እናውቃለን። አንደኛው ምርመራው ገንዘብ ይፈጃል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይፈጃል። ነገር ግን አንድ የነዳጅ ጉድጓድ ለማስቆፈር ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ ከላይ ከጠቀስነው ከኦጎኒና ከሰሜን ዳኮታ ዕዳ ጋር ሲተያይማ ከምንም አይቈጠርም። ሁለተኛው ምርመራው ሥራውን ያዘገያል፣ ገንዘብ ያለውንም ሰው ያስፈራል የሚል ነው። ቁፋሮ ግን መንገድ ሳይጠረግ፣ መሣሪያ ሳይጓጓዝ፣ ሰፈር ሳይሠራ አይጀመርም፤ ምርመራው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። ውኃው በመመርመሩ የሚፈራ ሰው ቢኖር እርሱን አስቀድሞ ማወቅ ለአገር ጥቅም ነው።

ስለዚህ ቁፋሮ የሚደረግበትን ወይም ሊደረግበት የታሰበውን ወረዳ የሚያስተዳድር ሁሉ የሚከተለውን እንዲያደርግ እናሳስባለን።

አንደኛ፤ በቁፋሮው ስፍራና በቧንቧው መንገድ ዙሪያ ያለው ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ኩሬና ቢርካ ሁሉ ይቈጠር። ስፍራው፣ ጥልቀቱ፣ ስንት ሰውና ስንት ከብት እንደሚጠጣበት ይጻፍ።

ሁለተኛ፤ ውኃው ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ ከዝናብ በኋላ ይመርመር። የሚመረመረውም ጨውነቱ፣ በውስጡ ያለው ጋዝ፣ ቤንዚንና ሌላው የዘይት ዘር ነው። ናሙናውን የሚቀዳው ኩባንያው ያልቀጠረው ባለሙያ ይሁን። ለቤንዚን የሚቀዳው ውኃ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ በተሞላ የመስተዋት ዕቃ ታትሞ፣ በቀዝቃዛ ሣጥን ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።

ሦስተኛ፤ የምርመራው ቃል በሦስት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በወረዳው፣ አንዱ በክልሉ መሥሪያ ቤት፣ አንዱ በአገር ሽማግሌዎች እጅ ይቀመጥ። ለሽማግሌዎቹም በሚያውቁት ቋንቋ ይነበብላቸው።

አራተኛ፤ ከቆፋሪው ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ በተወሰነ ርቀትና ጊዜ ለሚደርስ የውኃ ብክለት ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም የቆፋሪው እንዲሆን፣ እስኪጣራም ድረስ ሌላ ውኃ እንዲያቀርብ ይጻፍ።

አምስተኛ፤ ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ የውኃው ጨውነት በእጅ በሚያዝ መለኪያ በየወሩ ይለካ። ከጉድጓዱ የወጣው ጨዋማ ውኃና ወደሚወገድበት ስፍራ የደረሰው ውኃ የሚተያይበትም መዝገብ በየሳምንቱ ለወረዳው ይቅረብ።

ስድስተኛ፤ ፍሳሽ መኖሩ በተሰማ ጊዜ አስቀድሞ ጉድጓዱ ይዘጋ፤ ለሕዝቡም ሌላ ውኃ ይምጣ፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይከተል። ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ ብሎ ማዘዝ በዚህ ነገር መድኃኒት አይሆንም። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ጨውን አያወጣም፤ ቤንዚን ያለበትን ውኃ በቤት ውስጥ ማፍላትም እንፋሎቱን ለቤተሰቡ ማሳተፍ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ውኃ ከተበላሸ በኋላ የሚሄድ መርማሪ፣ የሚጻፍ አቤቱታና የሚሰበሰብ ጉባኤ ሁሉ ከዚህ ተረት አይርቅም። ሹመት ያልፋል፤ የዛሬው ገዢ ነገ ወደ ሌላ አውራጃ ይዛወራል ወይም ያርፋል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚያ ወረዳ የሚቀመጥ ሹም፣ ባለ ግመሎች በበሩ ቆመው ጉድጓዳችን ተበላሸ ሲሉት፣ ሣጥኑን ከፍቶ የዛሬውን መዝገብ ቢያገኝ በአንድ ቀን ይፈርዳል። ሣጥኑን ባዶ ቢያገኘው ግን ለእነርሱ የሚመልሰው ቃል አይኖረውም።